ኦዲዮግራሙ ደህና ነው ይላል፣ ሰውየው ግን ወሬ አይለይለትም፦ ቻርልስ ሊበርማን ጆሮ ውስጥ የቆጠረው ነገር

ኢኤንቲ (የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም) ጋ ሄዶ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሄድፎን አድርጎ፣ ጢጥ ባለ ቁጥር ቁልፍ እየተጫነ ተመርምሮ "ጆሮህ ምንም የለውም" ተብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። የዚህ ምርመራ ውጤት የሚሰፍርበት ወረቀት ኦዲዮግራም ይባላል። ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ቤት ውስጥ ለብቻው ሲያወሩት አጥርቶ ይሰማል፣ ሬስቶራንት ወይ ሰርግ ወይ አምስት ስድስት ሰው አንዴ የሚያወራበት ቦታ ሲገባ ግን ድምፁ ይሰማዋል፣ ምን እንደተባለ ግን አይለይለትም፣ "እ? ምን አልክ?" ሲል ያመሻል፣ በመጨረሻ ይደክመውና ሌላው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ይጀምራል። እንደዚ ያለ ሰው ስሞታ ለረጅም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ነበር የሚባለው። ወይ ትኩረት የለህም ይባላል፣ ወይ እድሜ ነው፣ ወይ ጭንቀት ነው፣ ምናምን።

ምርመራው ዋሽቶ አይደለም። የተጠየቀው ጥያቄ ሌላ፣ የሰውየው ችግር ሌላ ሆኖ ነው። ይሄንን በደንብ ያሳየን ደግሞ አዲስ የምርመራ ማሽን የፈጠረ ሰው ሳይሆን ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ ትናንሽ ነጥቦችን ሲቆጥር የኖረ የአናቶሚ ሰው ነው። ቻርልስ ሊበርማን ይባላል። ቦስተን ውስጥ ማሳቹሴትስ አይ ኤንድ ኢር የሚባለው የአይንና የጆሮ ሆስፒታል ውስጥ ያለውን ኢተን ፒቦዲ ላብራቶሪን ለብዙ ዓመት የመራ፣ የሃርቫርድ ሜዲካል ስኩል ፕሮፌሰር ነው። ላብራቶሪውን በ1958 የመሰረተው ኔልሰን ኪያንግ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ እነሱ ቤት ስራው ሁሌም የመስማት ነርቭ ነው።

በመጀመሪያ ጆሮ ውስጥ ምን እንዳለ። ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ያርገበግበዋል፣ ታምቡሩ ከኋላው ያሉትን ሶስት ትናንሽ አጥንቶች ይነቀንቃል፣ አጥንቶቹ ደግሞ ኮክሊያ የሚባለውን በፈሳሽ የተሞላ ጥምዝምዝ ቱቦ ይገፋሉ። እስከዚ ድረስ ያለው ሜካኒክ ነው፣ ትምህርት ቤት የተማርነው ስለሆነ አልቆይበትም። ኮክሊያው ሁለት ዙር ተኩል አካባቢ የዞረ ነው፣ ቢዘረጋ 35 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሆነው። በመግቢያው በኩል ቀጭን ድምፅ፣ ወደ ጫፉ ደግሞ ወፍራም ድምፅ ይነበባል። ከውስጡ ርዝመቱን ሙሉ በረድፍ የተደረደሩ ሴሎች አሉ፣ አናታቸው ላይ ቀጫጭን ጭራዎች ስላሏቸው የፀጉር ሴል ይባላሉ፣ እውነተኛ ፀጉር ግን አይደለም።

እነዚህ ሴሎች ሁለት አይነት ናቸው፣ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። የውጭዎቹ በሶስት ረድፍ ናቸው፣ ሰው ጆሮ ውስጥ 12,000 ገደማ ይሆናሉ። የውስጦቹ በአንድ ረድፍ ብቻ ናቸው፣ 3,500 ገደማ። እንግዲህ ብዛታቸውን አይቶ ማንም ሰው ዋናዎቹ የውጭዎቹ ናቸው ብሎ ያስባል። ሃይንሪሽ ሽፐንድሊን የሚባል ተመራማሪ በ1960ዎቹና 70ዎቹ የነርቭ ክሮቹን አንድ በአንድ ሲከታተል ያገኘው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ወደ አንጎል ወሬ ከሚያደርሱት ክሮች ውስጥ 95 ከመቶ የሚሆኑት የሚነሱት ከውስጦቹ፣ ከነዚያ ከአንዷ ረድፍ ነው። የውጭዎቹ ስራ ሌላ ነው፣ ራሳቸው እየተኮማተሩና እየተለጠጡ ደካማውን ንዝረት ያጎሉታል፣ አምፕሊፋየር ናቸው በሉት። የሚሰማው፣ ማለት ለአንጎል የሚናገረው፣ የውስጡ ሴል ነው።

አንዱ የውስጥ ሴል ከአንድ ክር ጋር ብቻ አይደለም የሚገናኘው። እንደ እንስሳውና እንደ ኮክሊያው ቦታ ከ10 እስከ 30 የሚሆኑ ክሮች እታችኛው የሴሉ ሆድ ላይ ይነካሉ። መነካኪያዋ ሲናፕስ ትባላለች። በሴሉ በኩል ሪበን የምትባል ጥቁር ጉብታ አለች፣ ዙሪያዋን ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል የያዙ ትናንሽ ከረጢቶች ተኮልኩለውባታል፣ ድምፅ ሲመጣ ከረጢቶቹ ይፈሳሉ፣ ማዶ ያለው ክር ኬሚካሉን ተቀብሎ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። አሁን ልብ በሉ፣ አንዱ የውስጥ ሴል ብዙ ክሮች ቢኖሩትም አንዱ ክር ግን በአብዛኛው ያለችው አንድ ሲናፕስ ብቻ ናት፣ ከአንድ ሴል ጋር፣ በቃ። ሌላ የአንጎል ነርቭ ቢሆን በሺ የሚቆጠር መነካኪያ ይኖረዋል፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው አለ። የመስማት ነርቭ ግን ያቺ አንዷ ከሄደች ስራ ፈት ነው የሚሆነው። ክሮቹም ብዙ አይደሉም፣ በአንድ ጆሮ 30,000 አካባቢ ናቸው። የአይን ነርቭ አንድ ሚሊዮን ገደማ ክር ስላለው ሳወዳድረው ሁሌም ይገርመኛል። ንግግሩ፣ ዘፈኑ፣ የሰው ድምፅ መለየቱ፣ ሁሉም በዚያች 30,000 ክር ነው የሚያልፈው።

የሊበርማን የመጀመሪያ ትልቅ ስራ የወጣው በ1978 ነው። ያኔ የነበረው ችግር ምን መሰላችሁ፣ ተመራማሪዎቹ የድመት የመስማት ነርቭ ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ ከትተው አንድ አንድ ክር ሲያዳምጡ ከድመት ድመት ውጤቱ ይለያያል፣ አንዱ ድመት ደህና ይሰማል ሌላው ይደክማል፣ ድመቶቹ ከዚያ በፊት የት ኖረው ምን ጩኸት ሰምተው እንደመጡ ስለማይታወቅ የቱ ጤነኛ ጆሮ እንደሆነ መናገር አይቻልም። ሊበርማን ታዲያ ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ያደጉ ድመቶችን ወሰደ። ከውልደታቸው ጀምሮ ጩኸት ያልነካው ጆሮ ማለት ነው። በነሱ ላይ ሲለካ ያ ሁሉ መዘበራረቅ ጠራና ስርዓት ወጣለት። ክሮቹ ምንም ድምፅ በሌለበትም ዝም አይሉም፣ በራሳቸው ጊዜ ይተኩሳሉ፣ ማለት የኤሌክትሪክ ምት ይልካሉ፣ አተኳኮሳቸው ግን አንድ አይደለም። ከፍተኛ የሚባሉት በሴኮንድ ከ18 ጊዜ በላይ ይተኩሳሉ፣ መካከለኛዎቹ ከዚያ በታች፣ ዝቅተኛዎቹ ደግሞ በሴኮንድ ግማሽ ጊዜ እንኳን አይሞሉም፣ ማለት ዝምተኛ ናቸው። ብዙ የሚተኩሱት ለትንሽ ድምፅ ወዲያው ይነሳሉ። ዝምተኞቹ ድምፁ ከፍ ካላለ አይነቃነቁም።

እሺ፣ እነዚህ ሶስት አይነት ክሮች መልካቸውስ ይለያል ወይ? በ1982 የሰራው ስራ ይሄን የሚመልስ ነው፣ እኔ በበኩሌ ከሁሉም ስራዎቹ የምወደው እሱን ነው። ጫፉ ከአንድ ክር ውፍረት ያነሰ የመስታወት ፒፔት ይወስዳል፣ ውስጡ ከእጽዋት ስር የሚወጣ ኢንዛይም አለ፣ በኋላ በኬሚካል ሲታከም የሚጠቁር። ፒፔቱ አንድ ክር ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ ክሩ እንዴት እንደሚተኩስ ያዳምጣል፣ ይመዘግባል፣ ከፍተኛ ነው ወይ ዝምተኛ ነው የሚለውን ይለያል፣ ከዚያ እዛው ክር ውስጥ ኢንዛይሙን ይረጫል። ኢንዛይሙ በክሩ ውስጥ ይጓዛል። በኋላ ኮክሊያው ተዘጋጅቶ ማይክሮስኮፕ ስር ሲቀመጥ ከሺ ክሮች መሀል ያቺ አንዷ ብቻ ጠቁራ ትታያለች፣ እሷን እየተከተለ እስከ መጨረሻዋ፣ እስከምትነካው ሴል ድረስ ይሄዳል። ማለት ሲያዳምጠው የነበረውን ክር መልሶ በአይኑ አየው። ያገኘውም ግልጽ ነው፤ ብዙ የሚተኩሱት ወፍራሞች ናቸው፣ የሚነኩትም የሴሉን የውጭ ወገን ነው። ዝምተኞቹ ቀጫጮች ናቸው፣ የሚነኩት በውስጥ በኩል፣ ወደ ኮክሊያው ምሰሶ ባለው ወገን ነው። አንድ ሴል ላይ በአንድ ጊዜ ሁለቱም አሉ፣ ትንሹን ድምፅ የሚይዘውም ትልቁን ድምፅ የሚይዘውም፣ ተከፋፍለው።

ይሄ ያኔ ብዙ ሰው ጉዳዬ ያላለው ዝርዝር ነበር። ድመት ጆሮ ውስጥ የትኛው ክር በየት ወገን ነካ ብሎ ማን ይጨነቃል? ከ25 ዓመት በኋላ ነው ጉድ ያመጣው።

ጩኸት ጆሮ እንደሚጎዳ ድሮም ይታወቃል። የሚታወቀው ግን እንደዚ ነበር፤ ኃይለኛ ድምፅ የፀጉር ሴሎችን ይገድላል፣ ሴሎቹ ከሞቱ በኋላ ክሮቹ ስራ ያጡና ቀስ ብለው ይሞታሉ። ስለዚ ከኮንሰርት ወይ ከሰርግ ወጥታችሁ ጆሯችሁ ድፍን ብሎ፣ ጥዝዝ እያለ አድሮ በነጋታው ወይ በሳልስቱ ከተመለሰ፣ ሴሎቹ አልሞቱም ማለት ነው፣ ጉዳት የለም፣ ጊዜያዊ ነው ይባል ነበር። ስያሜውም ራሱ ጊዜያዊ የመስማት ችሎታ መቀነስ ነው። የስራ ቦታ የድምፅ ህጎች የተሰሩትም በዚህ አስተሳሰብ ነው፣ በምርመራ የሚታይ ቋሚ ቅናሽ ከሌለ ችግር የለም።

ሻሮን ኩጃዋ የምትባል ተመራማሪና ሊበርማን በ2006 አንድ የሚያጠራጥር ነገር አገኙ፤ ወጣት እያሉ ጩኸት የሰሙ አይጦች ሲያረጁ ካልሰሙት በተለየ ሁኔታ የመስማት ነርቫቸው ይመናመናል። ጩኸቱ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በ2009 ያወጡት ጽሁፍ ነው መስኩን የገለበጠው። አይጦቹን ለ2 ሰዓት 100 ዴሲቤል ድምፅ አሰሟቸው። በማግስቱ ሲለኩ መስማታቸው በጣም ወርዷል። በ2 ሳምንት ውስጥ ግን ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። የፀጉር ሴሎቹም አንድ ሳይጎድሉ እዛው አሉ። በድሮው መለኪያ ድነዋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። እነሱ ግን ሲናፕሶቹን ቆጠሩ፣ ቀጭን ድምፅ በሚነበብበት የኮክሊያ ክፍል ግማሽ ያህሉ የሉም። በ24 ሰዓት ውስጥ ነው የጠፉት፣ ከዚያም አልተመለሱም።

ለምንድነው እስከዚያ ማንም ያላየው ካላችሁ፣ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ ሰው ሁሉ የሚቆጥረው የፀጉር ሴልና የነርቩን ዋና አካል፣ ማለት ኒውክሊየስ ያለበትን ሆዱን ነው። መነካኪያዋ ከተበጠሰች በኋላ ግን የነርቩ ዋና አካል ቶሎ አይሞትም፣ አይጥ ላይ ወራት፣ አንዳንዱ እስከ 2 ዓመት ይቆያል፣ አይጥ ደግሞ እድሜዋም ያው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚ ከጩኸቱ በኋላ በ2 ሳምንት፣ በወር የቆጠረ ሰው ሁሉም በቦታው አለ ብሎ ይጽፋል፣ እነሱም ያልተገናኙ፣ ምንም የማይሰሙ ነርቮች መሆናቸውን አያውቅም። ሁለተኛ ሲናፕስ በጣም ትንሽ ናት፣ ድሮ እሷን ለመቁጠር አንዱን ሴል በስሱ በስሱ እየቆረጡ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቅጠል በቅጠል ማየት ነበረባቸው፣ ለጥቂት ሴሎች ብቻ ብዙ ወር ይፈጃል። በኋላ አንቲቦዲ መጣ፣ ማለት አንድን የተመረጠ ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚጣበቅ ነገር። ሪበኗ ላይ የሚጣበቀውን ቀይ ያደርጉታል፣ ማዶ ክሩ ላይ ያለውን የግሉታሜት ተቀባይ አረንጓዴ። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ስር ጤነኛ ሴል ስታዩ በሆዱ ዙሪያ ቀይና አረንጓዴ ነጥብ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተለጥፏል። ጩኸት የሰማው ጆሮ ላይ ጥንዶቹ ያንሳሉ፣ አንዳንድ ቦታ ቀይዋ ብቻዋን ቀርታለች፣ ማለት ሴሉ ለመናገር ተዘጋጅቷል፣ ማዶ ግን የሚቀበለው የለም።

እንደሚታሰበው ሲናፕሶቹን የሚገድላቸው ያው ክሮቹን የሚያናግራቸው ኬሚካል ነው። ድምፁ ሲበዛ ግሉታሜቱ ከልክ በላይ ይፈሳል፣ የክሩ ጫፍ ውሃ ይስብና ያብጣል፣ ይፈነዳል።

አሁን ወደዚያ ሄድፎን ምርመራ እንመለስ። ግማሽ ሲናፕስ የጠፋበት ጆሮ እንዴት ደህና ነው ይባላል? ምርመራው የሚጠይቀው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ልትሰሙት የምትችሉት ትንሹ ድምፅ የቱ ነው የሚለውን ብቻ ነው። አንድ አስተማሪ 20 ተማሪ ያለበት ክፍል ገብቶ "ትሰማላችሁ?" ሲል ከፊት ያሉት ሁለቱ "አዎ!" ካሉ ይሰማሉ ብሎ ይጽፋል፣ የቀሩት ይኑሩ አይኑሩ አይታወቅም፣ ዲክቴሽን ሲያጽፍ ግን ሁለት ደብተር ብቻ ነው የሚያገኘው። ጢጥ የምትለውን ለመያዝ ጥቂት ክሮች ይበቃሉ። ይሄ ነገር እንደውም ከ1950ዎቹ ጀምሮ ማስረጃ ነበረው፣ ሃሮልድ ሹክኔክትና የስራ ባልደረባው የድመት የመስማት ነርቭን በከፊል እየቆረጡ መስማቱን ሲለኩ አብዛኛው ነርቭ እስኪጠፋ ድረስ ትንሹን ድምፅ የመስማት አቅሙ ብዙም አልተነካም። መጽሔት ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር፣ ብዙ ሰው ግን ከኦዲዮግራም ጋር አያይዞ አላሰበውም።

ከዚያ በላይ ደግሞ የ1982ቱ ዝርዝር መጣ። በ2013 የነሊበርማን ቡድን ጊኒ ፒግ ላይ ሲያይ በጩኸት በብዛት የሚጠፉት ዝምተኞቹ ክሮች ሆነው ተገኙ፣ ቀጫጮቹ፣ ለከፍተኛ ድምፅ ብቻ የሚነሱት። ምርመራው ላይ ትንሿን ድምፅ የሚይዙት ግን ወፍራሞቹ ናቸው፣ እነሱ አሉ፣ ስለዚ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ሰላም ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ግን ወፍራሞቹ ክሮች በሳህን ኳኳታውና በሰው ጫጫታው ገና ከመነሻው ሞልተዋል፣ ከዚያ በላይ መተኮስ አይችሉም፣ ጓደኛችሁ የሚለውን ቃል ከጫጫታው በላይ ነጥሎ ሊያወጣ የሚችለው ዝምተኛው ክር ነበር። እሱ ነው የሌለው። ቢያንስ ሀሳቡ ይሄ ነው።

በ2011 ለንደን ውስጥ ሮላንድ ሼትና ዴቪድ ማክአልፓይን ኦዲዮግራማቸው ጤነኛ ሆኖ ጆሯቸው ውስጥ ግን ቀን ከሌት የሚጮህባቸውን ሰዎች ለኩ፣ ከመስማት ነርቭ የሚመጣው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሞገድ አነስ ብሎ አገኙት፣ ከሱ በላይ ከአንጎል ግንድ የሚመጣው ግን ደህና ነው። እነሱ ናቸው ድብቅ የመስማት ጉድለት የሚለውን ስም ያስለመዱት። የጆሮ ጩኸቱንም በዚህ ይገምቱታል፣ ከታች የሚመጣው ሲያንስ አንጎል ራሱ ቮልዩም ይጨምራል፣ ሲጨምር የሌለውንም ይሰማል። አሪፍ ግምት ነው፣ ሁሉንም የጆሮ ጩኸት ያብራራል ብሎ የሚምል ሰው ግን አያጋጥማችሁ።

የሰው ነገር ነው የሚያስቸግረው። ህይወት ያለው ሰው ኮክሊያ ውስጥ ገብቶ ሲናፕስ መቁጠር አይቻልም፣ ራስ ቅል ውስጥ በጣም ጠንካራ ከሚባለው አጥንት ውስጥ ነው የተቀበረው፣ ነካ ካደረጋችሁት መስማቱ ራሱ ይሄዳል። የሞተ ሰው ላይ ነው የሚቆጠረው፣ ያውም ቶሎ ከተወሰደ፣ አጥንቱ በኬሚካል እስኪለሰልስ ወራት ተጠብቆ። የሊበርማን ላብ ይሄንንም ሰርቷል፣ በ2019 ያወጡት የሰው ጆሮ ቆጠራ ላይ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑት ሰዎች የውስጥ የፀጉር ሴሎቹ ብዙም ሳይጎድሉ የነርቭ ክሮቹ ግን ከግማሽ በላይ ጠፍተዋል። አባታችሁ "ይሰማኛል፣ ግን አፋችሁን ከፍታችሁ አታወሩም" የሚሉት ምናልባት ከዚህ ነው፣ ጮክ ብላችሁ ብትነግሯቸውም የማይረዳው ለዚህ ነው፣ ጩኸቱ አልጎደለባቸውም፣ መለየቱ ነው የጎደለው። ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ ብሎ መናገርና ቴሌቪዥኑን መዝጋት ከመጮህ የበለጠ ይረዳቸዋል።

ወጣቶቹ ጋ ሲመጣ ግን ጉዳዩ አልለየለትም፣ ይሄን ደግሞ በግልጽ መናገር አለብኝ ምክንያቱም ዩቲዩብ ላይ ያለቀ የደቀቀ አድርገው የሚያወሩት አሉ። በ2016 የሊበርማን ቡድን ኮሌጅ ተማሪዎችን ወስዶ ሙዚቃ የሚሰሩትን፣ ጩኸት የሚያበዙትን፣ ጆሯቸውን ከሚጠብቁት ጋር ሲያወዳድር ጩኸት የሚያበዙት ጫጫታ ውስጥ ቃል በመለየት ደክመው አገኛቸው። በዓመቱ እንግሊዝ ማንቸስተር ላይ የተሰራ ትልቅ ጥናት ደግሞ ወጣቶች ላይ ብዙ ጩኸት መስማትና የነርቩ ምላሽ ማነስ መሀል ግንኙነት አላገኘም። ዝንጀሮ መሳዮቹ ማካኮች ላይ ሲሞከርም ጆሯቸው ከአይጥ ይበልጥ ይችላል፣ ሲናፕሳቸውን ለማጥፋት የበለጠ ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚ የአይጧን 2 ሰዓትና 100 ዴሲቤል እንዳለ ገልብጦ ለሰው ማድረግ አይሆንም። የኔ አቋም፣ እድሜ ሲናፕስ እንደሚያሳጣ ሰው ላይ የታየ ነው፣ ውሃ የሚያነሳ ማስረጃ አለው፣ አንድ ማታ ክለብ ያመሸ የ20 ዓመት ልጅ ምን ያህል እንዳጣ ግን ዛሬ ማንም ሊነግረው አይችልም፣ በኢንተርኔት ድብቅ የመስማት ጉድለትዎን በ3 ደቂቃ ይወቁ የሚለውን ደግሞ እለፉት።

ይሄ ማለት ግን ዝም ብሎ ጆሮን መቀጥቀጥ ማለት አይደለም። የአሜሪካው የስራ ጤንነትና ደህንነት ተቋም የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፣ እንደዚ እያለ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ። ልብ በሉ፣ ይሄም ቢሆን የፀጉር ሴልንና ኦዲዮግራምን አስቦ የወጣ ቁጥር ነው፣ ሲናፕስን አስቦ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣት በሄድፎንና በጭፈራ ቤት ድምፅ ለመስማት ችግር እንደተጋለጠ ይገምታል። እኛ ጋ ሰርግ ላይ ስፒከሩ ስር ጠረጴዛ የሚይዝ ቤተሰብ፣ ወፍጮ ቤት ቀኑን ሙሉ ያለ ውታፍ የሚሰራ ልጅ፣ እነዚህ ናቸው ቶሎ የሚታዩኝ። የጆሮ ውታፍ ርካሽ ነው፣ ከስፒከሩ ጥቂት እርምጃ መራቅ ደግሞ ነፃ ነው። ከጩኸት ቦታ ወጥታችሁ ጆሯችሁ ድፍን ካለ፣ በነጋታው ስለተመለሰ ብቻ ምንም አልሆነም አትበሉ።

ኦዲዮግራማችሁ ደህና ሆኖ ጫጫታ ውስጥ የምትቸገሩ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙን ጫጫታ ውስጥ ንግግር የመለየት ምርመራ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የተለያየ አይነት አለ፣ ከኋላ ጫጫታ እየተለቀቀ ዓረፍተ ነገር ድገሙ ይባላል። ሲናፕሳችሁ ጠፍቷል አልጠፋም አይልም፣ ግን ችግሩ በእናንተ ጭንቅላት የፈጠራችሁት እንዳልሆነ በቁጥር ያሳያል፣ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።

መድሃኒትስ? የሚያጓጓው ነገር የፀጉር ሴሉም የነርቩ ዋና አካልም ገና በቦታው መኖራቸው ነው፣ ለረጅም ጊዜ። የጠፋችው መሀል ያለችው መነካኪያ ናት። የሞተ የፀጉር ሴል እኛ ጆሮ ውስጥ ተመልሶ አይበቅልም፣ ክርን ግን መልሶ እንዲያድግ መገፋፋት ይቻላል። ኒውሮትሮፊን 3 የሚባል የእድገት ፕሮቲን አለ፣ በ2014 አይጦች ላይ በጂን በዝቶ እንዲመረት ሲደረግ ከጩኸት በኋላ የጠፉት ሲናፕሶች ተመልሰው ሲሰሩ ታየ፣ በ2016 ደግሞ ከጩኸቱ 24 ሰዓት በኋላ ፕሮቲኑን ኮክሊያው መስኮት ላይ (በስስ ሽፋን የተዘጋች ቀዳዳ ናት) በማድረግ ብቻ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ። ሰው ላይ ግን ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ፕሮቲን በመርፌ ጆሮ ውስጥ ተሰጥቶ ሲሞከር በ2022 መድሃኒት ከሌለበት ባዶ መርፌ የተሻለ ነገር አላሳየም፣ ስራውም ቆመ። አንዱ የሚጠረጠረው ምክንያት መድሃኒቱ ራሱ ላይሆን ይችላል፤ ሙከራው ውስጥ ከገቡት ሰዎች ውስጥ የትኞቹ በእውነት ሲናፕሳቸው የተበጠሰ፣ የትኞቹ ደግሞ ችግራቸው ሌላ እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። ስለዚ አሁን ብዙዎቹ ላቦች የሚሯሯጡት ከመድሃኒቱ በፊት ሊኖር ለሚገባው ነገር ነው፣ ኮክሊያውን ሳይከፍቱ በህይወት ባለ ሰው ላይ ስንት ክር እንደቀረ የሚገምት መለኪያ። ግንባርና ጆሮ ላይ ኤሌክትሮድ ተለጥፎ የነርቩን የመጀመሪያ ሞገድ መለካት አንዱ ነው፣ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣ የመሀል ጆሮ ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር ማየት ሌላው ነው። ሁለቱም አይጥ ላይ ጥሩ ይሰራሉ። ሰው ላይ ግን የራስ ቅሉ ቅርጽም የኤሌክትሮዱ ቦታም ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንዱን ሰው ለብቻው አስቀምጦ "አንተ ይሄን ያህል አጥተሃል" ለማለት ገና አልበቁም።